የሰም ሸክላ ምንድን ነው?

ባለፈው ዓመት ከዘጌ ለገበያ የመጡ አንዲት እናት፣ ባሕር ዳር ካለው ቤቴ ቡና ሊጠጡ ገብተው፣ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ቡናማ ነገር ዓይናቸውን ሳበው። እንደ ብርጭቆ ክብ ነው፤ ግን ከላይም ከታችም ክፍት። «ልጄ፣ ይህ የጧፍ ሰም ነው?» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት። «ማር ማር አይልም። ሰም አይደለም» ብለው መለሱልኝ።

ልክ ናቸው። የድሮ ሸክላ የሚሰበስብ ሁሉ «ሰም» ቢለውም የንብ ሰም አይደለም። ከስብ የሚገኝ አሲድ ከሶዳና ከአሉሚኒየም ጋር ተቀቅሎ የሚሠራ፣ በባሕርይው ለሳሙና የሚቀርብ ነገር ነው። ድምፅ የሚቀረጽበት ነውና፣ እኔም ስም ስላጣሁለት የሰም ሸክላ እለዋለሁ። እኛ የዘፈን ሸክላ ስንል የሚታየን ጠፍጣፋው ክብ ነው፤ ይህ ግን ከእርሱ ቀድሞ የመጣ ታላቅ ወንድሙ ነው። አሜሪካዊው ፈልሳፊ ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1877 ድምፅ ቀርጾ መልሶ የሚያሰማውን መሣሪያ፣ ፎኖግራፍን፣ ሲሠራ ድምፁን የቀረጸው በቆርቆሮ ወረቀት ላይ ነበር፤ ሰሙ የመጣው ከዚያ በኋላ በ1880ዎቹ ነው። ርዝመቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ያልፋል፣ ወርዱ ደግሞ ከ5 ሴንቲ ሜትር ተኩል ትንሽ ይበልጣል።

ላዩን በማጉያ መነጽር ብታዩት እንደ ቡሎን ጥርስ የሚዞር አንድ ረጅም ቦይ ነው። በጠፍጣፋው ሸክላ ላይ መርፌው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል። እዚህ ግን የቦዩ ወለል ራሱ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ መርፌው ሞገድ ላይ እንዳለ ታንኳ ሽቅብና ቁልቁል ይሄዳል። ከመርፌው በላይ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ ስስ ሽፋን አለ፤ እርሱ ይርገበገባል፣ ጡሩምባው ድምፁን ያጎላዋል። ኤሌክትሪክ የለም፣ ባትሪ የለም። ማኖቬላውን ታዞራላችሁ፣ ሞላው ይጠቀለላል፣ ሸክላው የተሰካበት የብረት ዘንግ በደቂቃ 160 ጊዜ ይሽከረከራል። ይኸው ነው።

እኔን የማረከኝ ግን አሠራሩ ነው። የእኛ ወርቅ አንጥረኛ መስቀሉን በሰም ይቀርጻል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ ያግለዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ወርቁ በቦታው ይገባል። የቅኔያችን ሰምና ወርቅ የተወለደው ከዚህ ነው። ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1902 ገበያ ላይ ያዋላቸው ጥቁር ሸክላዎች የተሠሩት ደግሞ በተገላቢጦሽ ነበር። ዘፈኑ የተቀረጸበት ዋናው ሰም አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ ይገባል፤ በኤሌክትሪክ ኃይል የወርቅ ብናኝ እንደ ጉም ያርፍበታል፤ በዚያ ላይ መዳብ ይለበጣል። ከዚያ ሰሙ ሲወጣ በውስጡ የዘፈኑን ቦይ የያዘ የብረት ቅርጽ ይቀራል። ቀልጦ የሚፈስበት አዲስ ሰም ሲቀዘቅዝ ትንሽ ስለሚኮማተር፣ ቦዩ ሳይነካ ከውስጡ ሸርተት ብሎ ይወጣል። እዚህ ወርቁ መንገድ ብቻ ነው፤ ፍሬ ነገሩን ይዞ የሚወጣው ሰሙ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ አንዱንም ጥቁር ሸክላ በግዴለሽነት ማንሣት አልቻልሁም።

መግዛት ለምታስቡ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች የሚዘፍኑት ለሁለት ደቂቃ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 የመጡት ቦያቸው በእጥፍ ስለጠበበ አራት ደቂቃ ይዘልቃሉ። ዓይን በቀላሉ አይለያቸውም፤ መርፌው ግን ይለያቸዋል። የሁለት ደቂቃው መርፌ ለጠባቡ ቦይ ወፍራም ስለሆነ ያርሰዋል። ይህን ሳይነግረኝ የሸጠልኝ ሰው ነበርና አንድ ሸክላ በዓይኔ እያየሁ ዱቄት ሲሆን አየሁ። እ.ኤ.አ. በ1912 የመጡት ሰማያዊዎቹ የሴሉሎይድ ሸክላዎች ጠንካራ ናቸው፤ የሚጫወቱትም በአልማዝ መርፌ ነው። አልማዙን ግን በሰም ላይ ፈጽሞ አታሳርፉት። የሰማያዊዎቹ ሆድ ጀሶ ስለሆነም በውኃ አይታጠቡም፤ ጀሶው ካበጠ ላዩን ይሰነጥቀዋል። የኤዲሰን ፋብሪካ እስከ እ.ኤ.አ. 1929 ድረስ ሠርቷቸዋል።

ባሕር ዳር ውስጥ የሰም ሸክላ ማኖር ከክረምት ጋር መታገል ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጫማችን ላይ ሻጋታ የሚያወጣው እርጥበት ለቡናማው ሰም እጅግ ክፉ ነው፤ ሻጋታው ሰሙን ይመገበዋል። እንደ ጤፍ ፍሬ ነጭ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይጀምራል፤ እርሱ የበላው ቦይ አይመለስም፣ መርፌው እዚያ ሲደርስ የሚሰማው የሚጠበስ ዘይት ድምፅ ብቻ ነው። የእኔዎቹን ከሐይቁ በኩል ካለው ግድግዳ አርቄ፣ አቁሜ፣ አየር በሚገባበት ሣጥን አስቀምጣቸዋለሁ። ላያቸውን በእጅ መንካት አይገባም፤ ሁለት ጣት በሆዳቸው ውስጥ አስገብቶ ጣቶቹን ከፈት በማድረግ ማንሣት ነው። ጠዋት ከቀዝቃዛ ክፍል ወጥቶ በሞቀ እጅ የተያዘ ሰም ቋ ብሎ ሊሰነጠቅ ይችላል።

የሰም ሸክላን ከጠፍጣፋው የሚለየው ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። መሣሪያው ይናገራል፣ ደግሞም ያዳምጣል። ለመስማት የሚያገለግለውን ራስ አውጥታችሁ የመቅረጫውን ብትገጥሙ፣ በጡሩምባው ብትናገሩ፣ ቃላችሁ ባልተጻፈበት ሰም ላይ ይቀረጻል። ካልወደዳችሁት ላዩን ልጣችሁ እንደገና ትቀርጹበታላችሁ። ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1898 ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የላኩት መልእክት በዚህ ሰም ላይ የተቀረጸ ድምፃቸው ነበር። ምኒልክና ጣይቱም በ1899 በራሳቸው ድምፅ መልሰዋል፤ ያ ድምፅ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ዛሬም ይሰማል። ከ120 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ጣይቱን ራሳቸውን መስማት ለእኔ ከማንኛውም ፎቶግራፍ የቀረበ ነገር ነው።

ይህን ለእንግዳዬ ነግሬ አንዱን ጥቁር ሸክላ አጫወትሁላቸው። በማያውቁት ቋንቋ የሚዘፍነውን ሰው ዝም ብለው ሰሙትና «ሞቷል?» አሉኝ። አዎ፣ ድሮ። እንደገና አስደገሙኝ። ከዚያ ያችን የመጀመሪያዋን ቡናማ አንሥተው በውስጧ ምን እንዳለ ጠየቁኝ። ተልጣለችና ባዶ ናት አልኋቸው።

«እንግዲያማ አባቴ ታንኳ ሲቀዝፍ የሚለውን እኔ አውቀዋለሁ» አሉ።

በክረምት ሰሙ አይታመንም። መስከረም ጠብቶ እርጥበቱ ሲቀንስ እንዲመጡ ተቀጣጥረናል። እስከዚያው ባዶዋን ሸክላ በየሳምንቱ ወደ ብርሃን አውጥቼ ነጭ ነጥብ እንዳላበቀለች አያለሁ።