ሮው ፎቶን በጅምላ መቀየር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጥር በጎጃም የሠርግ ወር ነው። ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ያለን ፎቶ አንሺዎች በአንድ ሳምንት ሁለትና ሦስት ሠርግ እንይዛለን። ከአንዱ ሠርግ ተመርጠው የሚቀሩት ፎቶዎች 1,200 ቢሆኑና ለእያንዳንዳቸው 2 ደቂቃ ብቻ ብንሰጥ፣ 40 ሰዓት ኮምፒውተር ፊት መቀመጥ ነው። ሮው ፋይሎችን፣ ማለትም ካሜራው ያልተሠራ ጥሬ መረጃ የሚያስቀምጥባቸውን ፋይሎች፣ በጅምላ አስተካክሎ ወደ ጄፔግ፣ ማለትም ወደ ተለመደው የተጨመቀ የፎቶ ፋይል፣ መቀየር ይህን ድካም በእጅጉ ያቀልላል። ነገር ግን በሙያው የቆዩ ሰዎች ሳይቀሩ ስለዚህ አሠራር የሚናገሩት የተሳሳተ ነገር ብዙ ነው።

«በጅምላ መቀየር ማለት ለሁሉም ፎቶ አንድ ዓይነት ማስተካከያ መስጠት ነው»

ሥራ የሚያበላሸው በዋናነት ይህ አመለካከት ነው። ሠርጉ ጠዋት በሙሽራዋ ቤት፣ በቢጫ አምፖል ብርሃን ይጀምራል። ቀጥሎ ዳሱ አለ፤ ሸራው ሰማያዊ ከሆነ የእንግዳው ሁሉ ፊት ሰማያዊ ይለብሳል። ከሰዓት በኋላ ሙሽሮቹ ጣና ዳር ዛፍ ጥላ ሥር ይቆማሉ። የአንዱ ቦታ ብርሃን ለሌላው አይሆንም።

እኔም አንድ ጊዜ በዚህ ተሳስቻለሁ። የአምፖሉን ቢጫነት ለማጥፋት ያስተካከልሁትን ዋይት ባላንስ (ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚደረግ የቀለም ማስተካከያ) ጥላ ሥር ለተነሡት ፎቶዎችም ሰጠኋቸው። ነጩ የሀበሻ ቀሚስ ሰማያዊ ሆነ፣ የጥለቱ ወርቃማ ክር አመድ መሰለ፣ የሙሽራዋ እናት ፊት ታሞ የከረመ ሰው ፊት መሰለ። ልጇን የዳረች እናት ከዚያ ቀን የሚቀራት ፎቶው ነውና እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሁሉንም እንደገና ሠራሁት።

ትክክለኛው አሠራር ፎቶዎቹን አስቀድሞ በብርሃናቸው መከፋፈል ነው። የአንድ ሠርግ ፎቶዎች ብዙ ጊዜ ከሰባት ወይም ከስምንት ምድብ አያልፉም። ከየምድቡ አንድ ፎቶ በጥንቃቄ ይስተካከላል፤ ማስተካከያው ለምድቡ ጓደኞቹ ይገለበጣል። ለአልበሙ ሽፋንና ለትልልቅ ገጾች የሚሆኑትን ሠላሳ ያህል ፎቶዎች ግን አሁንም አንድ በአንድ እሠራቸዋለሁ፤ ማንም ይህን እንዲተው አልመክርም።

«ሮው ስለሆነ ብርሃኑ በኋላ ይስተካከላል»

በከፊል እውነት ነው። ባለ 14 ቢት ሮው ለእያንዳንዱ ቀለም 16,384 የብርሃን ደረጃ መያዝ ይችላል፤ ጄፔግ የሚይዘው 256 ብቻ ነው። ስለዚህ ጨልሞ የተነሣን ፎቶ በኋላ በደንብ ማብራት ይቻላል። በብርሃን ብዛት ፈጽሞ የነጣ ጋቢ ግን ክሩ አንዴ ከጠፋ አይመለስም።

ይህ አመለካከት ለጅምላ ሥራ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ስናነሣ፣ ካሜራው ብርሃኑን በራሱ እንዲለካ ከተተወ ጥቁር ፈረስ ሲያይ ፎቶውን ያነጣዋል፤ ነጭ ልብስ ሲበዛበት ያጨልመዋል። ተከታትለው የተነሡ አሥር ፎቶዎች አሥር ዓይነት ይሆናሉ፤ የአንዱን ማስተካከያ ለሌላው መገልበጥም ዋጋ ያጣል። ፀሐዩ እስካልተለወጠ ድረስ በማንዋል፣ ማለትም የብርሃኑን መጠን ራስ ወስኖ፣ ማንሣት ነው። የኤዲቲንግ ጊዜ መቆጠብ የሚጀምረው እዚያው ሜዳው ላይ ነው።

«ካሜራው ላይ ያማረው ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ደበዘዘ፤ ፋይሉ ተበላሽቷል»

አልተበላሸም። በካሜራው ስክሪን የምናየው በሮው ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ጄፔግ ነው፤ ካሜራው ቀለሙንና ድምቀቱን ጨምሮበታል። ፕሮግራሙ ጥሬውን መረጃ በራሱ መንገድ ሲተረጉመው ፎቶው ፈዞ ይታያል። የሚወዱትን ድምቀት አንዴ አዘጋጅቶ ማስቀመጥና ፎቶዎቹ ወደ ኮምፒውተር ሲገቡ አብሮ እንዲሰጣቸው ማድረግ ይቻላል።

«ከተቀየረ በኋላ ሮው ፋይሉ አያስፈልግም»

መቀየር አዲስ ፋይል መፍጠር ነው፤ ሮው ፋይሉ እንዳለ ይቀመጣል። ማስተካከያውም ለብቻው ስለሚጻፍ ሁልጊዜ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። ሙሽሮች ከዓመት በኋላ ለግድግዳ የሚሆን ትልቅ ፎቶ ለማሳተም ሲመጡ «አጥፍቼዋለሁ» ማለት ያሳፍራል።

«የጄፔግ ጥራት 100 ካልሆነ ፎቶው ይበላሻል»

ወደ ጄፔግ ሲቀየር ከሚመረጠው የጥራት ቁጥር በ90 አካባቢ የተቀየረውን ከ100 በዓይን መለየት እጅግ ከባድ ነው፤ ፋይሉ ግን በብዙ ያንሳል። በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል፤ እንደ ፋይል ከተላከ ግን እንዳለ ይደርሳል።

«ውድ ኮምፒውተርና ውድ ፕሮግራም ያስፈልጋል»

ዳርክቴብል እና ሮው ቴራፒ በነጻ የሚገኙ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ሁለቱም ማስተካከያን ከፎቶ ወደ ፎቶ ይገለብጣሉ፣ ፋይሎቹንም በጅምላ ይቀይራሉ። አሮጌ ላፕቶፕ ይዘገያል እንጂ ይሠራል። ማታ ሥራውን ሰጥቼው እተኛለሁ። ሌሊት መብራት ቢጠፋና ላፕቶፑ ቢዘጋ ተቀይረው ያለቁት አይጠፉም፤ ሲዘጋ በመሠራት ላይ የነበረው ጄፔግ ብቻ ጎደሎ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ጠዋት እሱን ከፍቼ አያለሁ፣ ከተበላሸ አጥፍቼ ካቆመበት አስቀጥለዋለሁ፤ በመጨረሻም የጄፔጎቹን ቁጥር ከመረጥኋቸው ሮው ፋይሎች ቁጥር ጋር አስተያያለሁ። እኩል ሳይሆን ለሙሽሮቹ ስልክ አልደውልም።