ሙሰሎችና የሐይቅ ደለል፦ ማን ያናውጣል፣ ማን ያጸናል?

የሐይቅ ወለል ሲባል ለብዙ ሰው ዝም ብሎ የተኛ ጭቃ ነው የሚመስለው። እውነታው ሌላ ነው። ነፋስ ውሃውን ሲገፋ፣ ማዕበል ወደ ዳርቻው ሲደርስ፣ ዓሣ ምግብ ፍለጋ ሲምስ ደለሉ ይነሳል፣ ይጓዛል፣ ሌላ ቦታ ሄዶ ይሰፍራል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ትልቅ ድርሻ ያላቸው፣ ግን እምብዛም የማናስተውላቸው እንስሳት አሉ። ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ የሚኖሩት ሙሰሎች ናቸው።

ሙሰል ሁለት ክፍል ባለው ዛጎል ውስጥ የሚኖር፣ አጥንት የሌለው ለስላሳ እንስሳ ነው። ሁለቱ የዛጎል ክፍሎች በጀርባ በኩል ተያይዘዋል። አደጋ ሲሰማው ግጥም አድርጎ ይዘጋቸዋል። ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል፤ በስንጥቦቹ አልጌ፣ ባክቴሪያና ሌላ ደቃቅ ነገር ያጣራል፤ ከዚያ ውሃውን መልሶ ይለቀዋል። እንደ ዝርያው፣ እንደ መጠኑና እንደ ውሃው ሙቀት ቢለያይም አንድ ጎልማሳ ሙሰል በሰዓት አንድ ሊትር አካባቢ ማጣራት ይችላል። ዩኒዮኒዳ በሚባለው ትልቁ ምድብ ውስጥ ብቻ በዓለም ላይ ከ800 በላይ ዝርያዎች ይታወቃሉ። ከእነዚህ ወደ 300 የሚጠጉት ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ይገኛሉ። ዕድሜያቸውም የዋዛ አይደለም፤ በአውሮፓ ወንዞች የሚኖረው የዕንቁ ሙሰል ከ100 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል።

ታዲያ ሙሰል ደለሉን ያጸናዋል ወይስ ያናውጠዋል? ሁለቱንም ያደርጋል። የትኛው እንደሚያመዝን የሚወስነው የሙሰሉ ዓይነት፣ ብዛቱ፣ የወለሉ አፈርና የውሃው ጉልበት ነው። አንዱን ብቻ ይዞ «ሙሰል ወለል ያረጋጋል» ወይም «ሙሰል ወለል ያናጋል» ማለት ያሳስታል።

ቆፋሪዎቹ

አብዛኞቹ የዩኒዮኒዳ ዝርያዎች ቆፋሪዎች ናቸው። ከዛጎሉ ወጣ የሚል ጡንቻማ እግር አላቸው። ሙሰሉ እግሩን ደለሉ ውስጥ ይሰካል። ጫፉ በደም ሲሞላ ያብጥና እንደ መልህቅ ይይዛል። ከዚያ ጡንቻው ሲሰበሰብ ዛጎሉን ወደ ታች ይጎትተዋል። በዚያው ቅጽበት ዛጎሉ ስለሚዘጋ ከውስጥ የሚፈናጠረው ውሃ በዙሪያው ያለውን አሸዋ ያላላዋል። ይህ ደጋግሞ ሲሆን እንስሳው ቀስ በቀስ ይሰምጣል። ጎልማሶቹ ብዙውን ጊዜ ከላይኛው 20 ሴንቲሜትር በታች አይወርዱም።

እንቅስቃሴያቸው ከወቅት ጋር ይሄዳል። ውሃው ሲሞቅና የመራቢያ ጊዜ ሲደርስ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሰው ይቀበራሉ። ወደ ጎንም ይሄዳሉ። ጥርት ባለ ውሃ ውስጥ አሸዋው ላይ የሚተዉት ፈር በግልጽ ይታያል፤ ማረሻ ያለፈበት ይመስላል።

የዚህ መዘዝ ብዙ ነው። ሳይነካ የቆየ ወለል ላይ አልጌና ባክቴሪያ ስስ ሽፋን ይሠራሉ። ከእነሱ የሚወጣው ልጋግ የአሸዋ ቅንጣቶችን አንድ ላይ ያጣብቃል። ሙሰሉ ሲያልፍ ይህን ሽፋን ይበጥሰዋል። የላላው አሸዋ በትንሽ ሞገድም ሊነሳ ይችላል። በሌላ በኩል ኦክስጅን ወደ ታች ይገባል። ጭቃማ በሆነ ወለል ኦክስጅን ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሚሊሜትር በላይ አይዘልቅም፤ ሲቆፈር ግን መንገድ ያገኛል። ደለሉ ውስጥ ተይዞ የነበረ ናይትሮጅንና ፎስፈረስም ወደ ውሃው ይወጣል።

የማጽናቱ ሥራ ደግሞ ሙሰሉ ሲያርፍ ይጀምራል። በከፊል የተቀበረ ዛጎል ከባድ ነው፤ በዙሪያው ያለውን አሸዋ ይዞ ያስቀራል። አንዳንድ ዝርያዎች ዛጎላቸው ላይ ሸንተረርና ጉብታ አላቸው። እነዚህ ቅርጾች እንስሳው እንዳይነቀል ይረዳሉ፤ በዙሪያው ያለው አፈር እንዳይታጠብም የሚያግዙ አሉ።

እዚህ ላይ ብዛት ወሳኝ ነው። አንድ ሙሰል ብቻውን ሲቆም ውሃው ይሰናከልበትና በጎኑና በኋላው ይሽከረከራል። ሽክርክሪቱ አሸዋውን ያጥበውና ትንሽ ጉድጓድ ያበጃል። ሙሰሎቹ ተጠጋግተው ሲበዙ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ውሃው በመካከላቸው መግባት ትቶ ከላያቸው ይንሸራተታል። በመካከላቸው ያለው አሸዋ ጸጥታ ያገኛል፤ ደቃቅ ነገርም እዚያው ይጠራቀማል። አንድ ዓይነት እንስሳ፣ አንድ ዓይነት አሸዋ፣ ውጤቱ ግን ተቃራኒ! ከጠቅላላው ጉዳይ እኔን በጣም የሚስበኝ ይሄ ነው። ሙሰሎች ቁጥራቸው ሲመናመን ወለሉን የመያዝ አቅሙ የሚቀንሰው እኩል በእኩል ነው ብሎ ማሰብ አይቻልም። አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ ቀድሞ የሚይዘው መንጋ ራሱ ለመታጠብ ምክንያት ወደሚሆኑ ነጠላ እንስሳት ይለወጣል።

ኩሳቸውም የራሱ ሚና አለው። ሙሰል ከውሃው የያዘውን ደቃቅ ነገር የበላውን በኩስ፣ ያልበላውን ደግሞ በልጋግ ጠቅልሎ ይጥለዋል። ለብቻው ቢሆን ለቀናት ሊንሳፈፍ የሚችል የሸክላ ቅንጣት በዚህ መልክ ተጠቅልሎ ቶሎ ይሰምጣል። መጀመሪያ ላይ ይህ ክምችት ልቅና ቀላል ስለሆነ ሞገድ በቀላሉ ያነሳዋል። እያደር ግን ከአሸዋው ጋር ይደባለቃል፣ ይጠቀጠቃል። ከኩሱ የሚወጣው ንጥረ ነገር ደግሞ ወለሉ ላይ ያለውን አልጌ ይመግባል፤ አልጌው መልሶ አሸዋውን ያጣብቃል። ሙሰሉ በእግሩ የበጠሰውን በኩሱ ይጠግናል ማለት ነው።

ሐይቅ ወንዝ አይደለም

ስለ ሙሰልና ደለል ከሚታወቀው ብዙው የመጣው ከወንዝ ነው። በወንዝ ውሃው በአንድ አቅጣጫ ይፈሳል። በሐይቅ ዋናው ኃይል ነፋስ የሚፈጥረው ሞገድ ነው፤ ወለሉ ላይ ውሃውን ወዲያና ወዲህ ያመላልሰዋል። የሞገድ ጉልበት ወደ ታች የሚዘልቀው በሁለት ሞገዶች ጫፍ መካከል ያለውን ርቀት ግማሽ ያህል ነው። ከዚያ በታች ያለው ወለል ብዙም አይነካም።

ለዚህ ነው ደቃቅ ጭቃ ከዳርቻው እየተነሳ በጊዜ ብዛት ወደ ጥልቁ የሚሰበሰበው። አሸዋና ጠጠር ዳር ላይ ይቀራል። ትልልቆቹ ቆፋሪ ሙሰሎችም በብዛት የሚኖሩት እዚሁ ዳር፣ ጥቂት ሜትር ጥልቀት ውስጥ ነው። ምግብ፣ ሙቀትና ኦክስጅን የሚያገኙት እዚያ ነው። በጥልቁ ጭቃ ውስጥ የሚቋቋሙት በአብዛኛው አተር የሚያካክሉ ጥቃቅን ዝርያዎች ናቸው። ዳርቻውም ሁሉ እኩል አይመቻቸውም። ነፋስ ረጅም የውሃ ገጽ አቋርጦ የሚመታው ወይም ቁልቁለቱ የበዛ ዳርቻ ሙሰሎቹን ይነቅላል። በጣም የተከለለ ሰርጥ ደግሞ ጭቃ ይሞላበታል።

ሙሰሎች ከዚህ የደለል ጉዞ ጋር ይጋጫሉ። ሞገድ ደቃቁን ከዳር ወደ ጥልቅ ሲወስድ፣ እነሱ ከውሃው አጣርተው መልሰው ዳር ላይ ያስቀምጡታል። ውሃው ሲጠራ ብርሃን ወደ ወለሉ ይደርሳል፤ የውሃ ውስጥ ተክሎች ይበቅላሉ። የተክሎቹ ሥር አፈሩን ይይዛል፤ ቅጠላቸው የሞገዱን ጉልበት ያበርዳል። በኔ ግምት ሙሰል በሐይቅ ወለል ላይ የሚያሳድረው ትልቁ የማጽናት ተጽዕኖ በዛጎሉ የሚመጣው ሳይሆን ይህ በተክል በኩል የሚመጣው ነው። ብዙ ጊዜ ግን ስለዛጎሉ ብቻ ነው የሚወራው።

ተጣባቂዎቹ

ሁሉም ሙሰል አይቆፍርም። የሜዳ አህያ ሙሰልና ክዋጋ ሙሰል የሚባሉት ሁለቱ ዝርያዎች ትንንሽ ናቸው። መነሻቸው የጥቁር ባሕርና የካስፒያን ባሕር አካባቢ ነው። እግራቸው አጠገብ በሚያመነጩት ጠንካራ ክር ድንጋይ ላይ፣ ቧንቧ ላይ፣ ጀልባ ላይ፣ እርስ በርሳቸውም ላይ ይጣበቃሉ። መርከቦች ሚዛን ለመጠበቅ በሚይዙት ውሃ ተጭነው ሰሜን አሜሪካ ገቡ። የሜዳ አህያ ሙሰል እ.ኤ.አ. በ1988 በሴንት ክሌር ሐይቅ ተገኘ፤ ክዋጋም በዓመቱ በኢሪ ሐይቅ ታየ።

የሜዳ አህያ ሙሰል ጠንካራ ነገር ይመርጣል። ልል አሸዋ ላይ ሲደርስም ከአንዲት ጠጠር ወይም ከአንድ የሞተ ዛጎል ይጀምርና እየተደራረበ ጉብታ ይሠራል። ክዋጋ ግን ጭቃ ላይም ይሰፍራል፤ ቀዝቃዛውንም ጥልቁንም ይችላል። በሚሺጋን ሐይቅ ከ100 ሜትር በታች እንኳ ወለሉን ሸፍኖ ተገኝቷል። በአንድ ካሬ ሜትር በሺዎች ይቆጠራል።

እንዲህ ያለ ንጣፍ ከታቹ ያለውን አሸዋ ከሞገድ ይከልለዋል። ሸካራ ገጹ ውሃውን ስለሚያዘገይ ኩስና ጭቃ በመካከሉ ይሞላል። ነገር ግን ይህ መጽናት ዋጋ ያስከፍላል። ከንጣፉ ሥር ኦክስጅን ያልቃል። ከጥልቅ ውሃ ጋር ይዘዋወር የነበረው ፎስፈረስ ዳር ላይ ይያዛል። በታላላቆቹ የሰሜን አሜሪካ ሐይቆች ዳርቻ ክላዶፎራ የተባለው ክር መሰል አልጌ ለመብዛቱ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ልል አሸዋ ላይ ያለ የተጣባቂዎች ጉብታም ሥር የለውም። ኃይለኛ ማዕበል ሲመጣ ተገንጥሎ እየተንከባለለ ይሄዳል፤ የነበረበት ቦታ ባዶውን ይቀራል።

ከሁሉ የከፋው በቆፋሪዎቹ ላይ የደረሰው ነው። ተጣባቂዎቹ ከደለሉ ወጣ ያለውን የነባር ሙሰል ዛጎል እንደ ድንጋይ ቆጥረው ይሰፍሩበታል። ምግቡን ይቀሙታል፤ መክፈትና መዝጋት፣ መቆፈርም ያቅተዋል። በሴንት ክሌር ሐይቅና በምዕራባዊው የኢሪ ሐይቅ ነባሮቹ ሙሰሎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሞላ ጎደል አለቁ። ይህ ለወለሉ የነዋሪ ለውጥ ብቻ አልነበረም። ደለሉን እያገላበጡ ኦክስጅን የሚያስገቡት እንስሳት ሄዱ፤ በምትካቸው ከላይ የሚሸፍኑት መጡ። የሙሰል ቁጥር እንደ ድሮው ነው፣ እንዲያውም ጨምሯል ማለት ይቻላል፤ ሥራው ግን ያ አይደለም።

የእስያ ክላም የሚባለው፣ እንደ ሙሰል ሁለት ክፍል ያለው ዛጎል ያለው ወራሪ ደግሞ ትንሽ ቢሆንም ቆፋሪ ነው። አሜሪካ ውስጥ ባለው በታሆ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2002 ተገኝቷል። የላይኛውን ጥቂት ሴንቲሜትር አሸዋ ደጋግሞ ያገላብጣል፤ ሲሞት የዛጎሉ ክምር የአሸዋውን ባሕርይ ይለውጠዋል። በአፍሪካ ወንዞችና ሐይቆች የሚኖረው የጨው አልባ ውሃ ኦይስተር የተባለው ባለ ዛጎል እንስሳ ከሁሉም ይለያል። አንዱን የዛጎሉን ክፍል ከዓለት ጋር ለዘለቄታው ያጣብቃል፤ ሲበዛም ጠንካራ ግንብ ይሠራል።

ከሞቱ በኋላ

ዛጎል በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። አሲድነት ባለውና ካልሲየም በሌለው ውሃ ቶሎ ይሟሟል፤ ካልሲየም በበዛበት ውሃ ግን ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ባዶ ዛጎሎች አሸዋውን ሸፍነው ይከላከላሉ፤ ለትንንሽ እንስሳትም መጠለያ ይሆናሉ። ሆኖም ባዶ ዛጎል እግር የለውም። ሞገድ ሲገለብጠው ተመልሶ ራሱን አይተክልም። ብዙ ሙሰሎች ባንድ ጊዜ ሲሞቱ ደግሞ የሚበሰብሰው ሥጋ ኦክስጅን ይበላል፣ አሞኒያ ይለቃል፤ የተረፉትም ለአደጋ ይጋለጣሉ።

እንዴት ይለካል?

ተመራማሪዎች በብዛት የሚጠቀሙት ሰው ሠራሽ ቦይ ነው። ቦዩ ውስጥ አሸዋ ይነጥፋሉ፤ ፍሰቱን ቀስ በቀስ እየጨመሩ አሸዋው መቼ መንቀሳቀስ እንደሚጀምር ያያሉ። ብልሃቱ ማነጻጸሩ ላይ ነው። ባዶ አሸዋ፣ ባዶ ዛጎል የተተከለበት አሸዋና ሕያው ሙሰል ያለበት አሸዋ ጎን ለጎን ይሞከራሉ። በባዶ ዛጎሉና በሕያው ሙሰሉ መካከል ያለው ልዩነት የቅርጹን ውጤት ከባሕርይው ውጤት ይለያል። የወለሉ ገጽ በጨረር ይቃኛል፤ የሚያበራ ቀለም የተቀባ አሸዋ ተበትኖ የት እንደደረሰ ይታያል። ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ቦዩ ግን በአብዛኛው በአንድ አቅጣጫ ነው የሚፈሰው። ስለዚህ ከቦይ የተገኘን ቁጥር እንዳለ አንስቶ ሞገድ ለሚያመላልሰው የሐይቅ ወለል መጠቀም ተገቢ አይደለም።

ጉዳዩ በተግባርም ይፈለጋል። አንዳንድ ሐይቆች ደለላቸው ውስጥ የተቀበረ መርዛማ ብረትና ኬሚካል አለ። እዚያ ቆፋሪ ሙሰል መኖሩ የተቀበረው እንደገና ከውሃ ጋር የሚገናኝበትን ፍጥነት ይቀይራል። የግድብ ውሃ በድንገት ሲቀነስ ደግሞ ቀስ ብለው የሚሄዱት ሙሰሎች ደረቅ ላይ ይቀራሉ። ውሃው ሲመለስ ዳርቻው ይይዘው የነበረውን መንጋ አጥቷል። ውሃውን ቀስ አድርጎ መቀነስ ቢያንስ የተወሰኑት ተከትለው እንዲወርዱ ጊዜ ይሰጣል።

ቆጠራውም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጠላቂ ወለሉ ላይ ያየውን ብቻ ቢቆጥር የተቀበሩትን ያጣል። በቀዝቃዛው ወቅት አብዛኞቹ ከደለሉ በታች ናቸው፤ ትንንሾቹ ደግሞ በማንኛውም ወቅት አይታዩም። ስለዚህ ደህና ቆጠራ የሚሠራው የብረት ማዕቀፍ ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ በውስጡ ያለው ደለል ተቆፍሮ በወንፊት ሲጣራ ነው። ተቆፍሮ የወጣው ደለልና ሙሰሎቹም ሥራው እንዳለቀ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።