ደሴ በጣሊያን ካሜራ

ደሴን ፎቶ ማንሳት የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ወደ ላይ መውጣት ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠች ትመስላለች። በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል ከበዋታል። ከጦሳ ላይ ሲያዩዋት መዳፍ ላይ የምታርፍ ነው የምትመስለው። ይህን የላይ እይታ ጣሊያኖችም ወደውት ነበር።

አመጣጣቸውም ከላይ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. አውሮፕላኖቻቸው ደሴን በቦምብ ደበደቡ፤ ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 7 ቀን ከተማዋን ያዙ። ከጦሩ ጋር ካሜራም አብሮ ዘምቷል። እ.ኤ.አ. በ1924 የተቋቋመው ሉቼ የተባለው የመንግሥት የፊልምና የፎቶ ተቋም ዘመቻውን ለሮም ሕዝብ ያሳይ ነበር።

በጣሊያን ጊዜ ከወጡት የአገራችን ተራራና ሸለቆ ፎቶዎች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ከፊት አዲስ መንገድ ይጠመዘዛል፣ ከኋላ ተራራ ይደረደራል። ባለታሪኩ መንገዱ ነው። ሰው ካለ ጥግ ላይ ነው፦ ጋቢ የለበሰ፣ ዱላ የያዘ፣ ስሙ የማይጻፍ። የቆመው የገደሉን ትልቅነት እንዲያሳይ ነው፤ በቃ፣ እንደ ሜትር። ማሳው የማን ነው፣ መንገዱን ማን ቆፈረው፣ አይነገርም። የቅኝ ገዢ ዓይን የሚባለው ይኸው ነው። ደግሞ ዝም ብሎ የውበት ጉዳይ አልነበረም። ፋሺስቱ መንግሥት የጣሊያን ገበሬዎችን እዚህ ሊያሰፍር ያቅድ ስለነበር ባለቤት የሌለው የሚመስል መሬት ይጠቅመው ነበር።

ከደሴ የወጣው ታዋቂ ፎቶ ግን ሌላ አቅጣጫ ያያል። ጃንሆይ ከአውሮፕላን መቃወሚያው መሣሪያ ጀርባ ሆነዋል። አፈሙዙ ወደ ሰማይ ነው። ተራራ የለ፣ ሸለቆ የለ። በእኔ ግምት የዚያን ዘመን ደሴ የሚያሳየው ይሄኛው ነው፤ ከተማው የነበረ ሰው የሚያየው ሰማዩን ነበርና።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጡ ሀረጎ ላይ ያ የፖስት ካርድ እይታ አሁንም አለ፤ ጉም ካልሸፈነው። ዛሬ እዚያ የሚቆመው ወጣት ስልኩን ወደ ራሱ ያዞራል። ሸለቆውን ከኋላው አድርጎ ሰልፊ ይነሳል፤ ብዙ ጊዜም ግማሹን ሸለቆ በጭንቅላቱ ይጋርደዋል።