እንቅልፍ ማጣት በጤና፣ በስሜትና በሥራ ብቃት ላይ የሚያስከትለው ጉዳት፦ የምርምሩ አጠቃላይ ዳሰሳ

እንቅልፍ ማጣት ሲባል አንድ ሰው ሰውነቱ የሚፈልገውን ያህል ሳይተኛ መቅረቱ ሲሆን፣ ተመራማሪዎች በሁለት መልኩ ያጠኑታል። አንደኛው ሌሊቱን ሙሉ ዓይን ሳይከድኑ ማደር ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በየሌሊቱ አንድ ሁለት ሰዓት እየጎደለ ለቀናትና ለሳምንታት የሚጠራቀመው እጥረት ነው። አልጋው ላይ ተጋድሞ እንቅልፍ እምቢ ከሚለው ሰው ሕመም የሚለየው፣ እዚህ ላይ ሰውየው ጊዜ ቢያገኝ ኖሮ ይተኛ የነበረ በመሆኑ ነው። ሁለት የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምናና ምርምር ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2015 በጋራ ባወጡት ምክር፣ አዋቂ ሰው በየሌሊቱ 7 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሊተኛ ይገባዋል።

ጥናቱ የተጀመረው በእንስሳት ላይ ነው። ሩሲያዊቷ ሐኪም ማሪያ ማናሴይና እ.ኤ.አ. በ1894 ባሳተመችው ሥራ፣ ያለማቋረጥ እንዲነቁ የተደረጉ ቡችሎች በጥቂት ቀናት ውስጥ መሞታቸውን ገለጸች። ከሁለት ዓመት በኋላ በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ፓትሪክና ጊልበርት የተባሉ ተመራማሪዎች ሦስት ሰዎችን ለ90 ሰዓት ያህል ሳይተኙ አቆይተው ትኩረታቸውንና የማስታወስ ችሎታቸውን ለኩ። ከሁሉ የገነነው ግን በታኅሣሥ 1963 በሳንዲያጎ ከተማ የ17 ዓመቱ ተማሪ ራንዲ ጋርድነር ለትምህርት ቤት የሳይንስ ውድድር ብሎ ለ264 ሰዓት፣ ማለትም ለ11 ቀን፣ ሳይተኛ የቆየበት ሙከራ ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የእንቅልፍ ተመራማሪ ዊልያም ዲሜንት በአሥረኛው ቀን እንኳ ወጣቱ በጨዋታ እንዳሸነፈው ተናግሯል። የባሕር ኃይሉ ሐኪም ጆን ሮስ በበኩሉ የወጣቱን ብስጭት፣ የዝንጋታና የቅዠት ምልክቶች መዝግቧል፤ ከ100 ላይ 7 እየቀነሰ እንዲቆጥር ሲጠየቅም 65 ላይ ደርሶ ቆመ፣ ምን እያደረገ እንደነበረም ረሳው። ጋርድነር ከዚያ 14 ሰዓት ያህል ተኝቶ ስለነቃ ብዙዎች እንቅልፍ ማጣት የከፋ ጉዳት የለውም ብለው ደመደሙ። ይህ ድምዳሜ የተቻኮለ ነበር፤ አንድን ጤነኛ ወጣት፣ ያውም ሰው ከብቦት እየተመለከተው፣ ለሁሉም መለኪያ ማድረግ አይቻልም።

በ1980ዎቹ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አለን ሬክትሻፈንና ባልደረቦቹ አይጦችን ከውኃ በላይ በሚዞር ሳህን ላይ አስቀምጠው፣ ባንቀላፉ ቁጥር ሳህኑ እንዲዞር አደረጉ። አይጦቹ ከወትሮው አብዝተው እየበሉ ከሱ፣ ቆዳቸው ቆሰለ፣ የሰውነታቸውን ሙቀት መጠበቅ ተሳናቸው፤ በሁለትና በሦስት ሳምንታትም ሞቱ። ሬሳቸው ሲመረመር ሞቱን በግልጽ የሚያስረዳ አንድ ምክንያት አልተገኘም።

ሰው ግን በአብዛኛው የሚቸገረው ለ11 ቀን ባለመተኛቱ ሳይሆን ለዓመታት በየሌሊቱ ጥቂት ጥቂት በማጉደሉ ነው። ይህን ለመለካት የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ዲንጅስ በ1985 ቀላል ፈተና አዘጋጀ፦ ተፈታኙ ለ10 ደቂቃ ስክሪን እያየ ቁጥር ብቅ ባለ ቁጥር ቁልፍ ይጫናል፤ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ከዘገየ እንደ መዘናጋት ይቆጠርበታል። ሃንስ ቫን ዶንገንና ዲንጅስ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2003 ባሳተሙት ጥናት 48 ጤነኛ አዋቂዎችን ቤተ ሙከራ ውስጥ አስተኝተው አጠኑ። አንዱ ቡድን ለ14 ቀናት በየሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ሌላው 6፣ ሌላው 4 ሰዓት ብቻ አልጋ ላይ እንዲቆይ ሲደረግ፣ አራተኛው ለሦስት ቀን ጨርሶ አልተኛም። የስድስትና የአራት ሰዓቶቹ ሰዎች መዘናጋት በየቀኑ እየጨመረ ሄዶ፣ በሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ሙሉ ካልተኛ ሰው ጋር ተስተካከለ። ከሁሉ የሚያሳስበው ይህ ነው፦ ምን ያህል እንቅልፍ እንደመጣባቸው ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ ከጥቂት ቀናት በኋላ መጨመሩን አቆመ። ብቃታቸው እያሽቆለቆለ ሳለ እነሱ የለመዱት ያህል ይሰማቸው ነበር። «እኔ አምስት ሰዓት ይበቃኛል» የሚለውን የተለመደ አነጋገር የምጠራጠረው ስለዚህ ነው። በተፈጥሮ ዘረ መላቸው ምክንያት በአጭር እንቅልፍ ጤነኛ ሆነው የሚኖሩ ሰዎች በእርግጥ አሉ፤ ነገር ግን እጅግ ጥቂት ናቸው።

የድካሙን አመጣጥ በተመለከተ ስዊዘርላንዳዊው አሌክሳንደር ቦርቤሊ በ1982 ያቀረበው ሐሳብ እስካሁን ያገለግላል። ነቅተን በቆየን ቁጥር አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ እየተጠራቀመ የእንቅልፍን ጫና ያበረታል፤ ከዚህ ጎን ደግሞ ቀንና ሌሊትን የሚቆጥረው የሰውነት ሰዓት ንቃትን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ሰው ጎህ ሲቀድ እንደ መበርታት የሚለው በዚህ ሰዓት ምክንያት ነው እንጂ ጫናው ስለቀነሰ አይደለም። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይንም የአዴኖሲንን መቀበያ ቦታ ይዘጋል እንጂ አዴኖሲኑን አያስወግደውም። በ2013 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት የተወሰደ 400 ሚሊግራም ካፌይን እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ እንቅልፍ ቀንሷል፤ አመሻሽ ላይ እስከ በረካ ቡና የሚጠጣ ቤተሰብ ሊያስብበት ይገባል።

በአውስትራሊያ ዳውሰንና ሪድ በ1997 እንዳሳዩት፣ ለ17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው የእጅና የዓይን ቅንጅቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይመሳሰላል። ከንጋቱ 12 ሰዓት የተነሣ ሰው እዚህ ደረጃ የሚደርሰው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ነው። የደከመ አንጎል ለሰከንዶች ያህል ሳያስበው እንቅልፍ ስለሚነጥቀው፣ ረጅም መንገድ የሚነዳ ሾፌር ሳያንጎላጅ እንኳ ከመንገዱ ሊወጣ ይችላል። ጫት ቅሞ ወይም ቡና ጠጥቶ መሪ የሚጨብጥ ሰው የእንቅልፍ ዕዳውን ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ አይከፍለውም።

በአካል ላይ የሚደርሰውን በተመለከተ፣ በቺካጎ ካሪን ሽፒገልና ኢቭ ቫን ኮተር በ1999 ባሳተሙት ሥራ 11 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለ6 ሌሊት 4 ሰዓት ብቻ ተኝተው፣ ሰውነታቸው የደም ስኳርን የማስወገድ ፍጥነቱ በሚታይ መጠን ቀንሶ ተገኝቷል። በ2002 ደግሞ እንቅልፋቸው የተቀነሰባቸው ሰዎች የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ወስደው፣ ከ10 ቀን በኋላ ያመረቱት ፀረ እንግዳ አካል በቂ እንቅልፍ ካገኙት ከግማሽ በታች ሆነ። ሼልደን ኮኸንና ባልደረቦቹ በ2009 ለ153 ሰዎች የጉንፋን ቫይረስ በአፍንጫቸው ሰጥተው ሲከታተሏቸው፣ ከ7 ሰዓት በታች የሚተኙት 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሚተኙት ሦስት እጥፍ ገደማ በጉንፋን ተይዘዋል። ከልብ ሕመም፣ ከደም ግፊትና ከውፍረት ጋር ያለው ግንኙነት በብዙ ሕዝብ ላይ በተደረጉ ጥናቶች ቢታይም፣ በእነዚህ ውስጥ ድህነትን፣ የሥራ ጫናንና ሌላ ሕመምን ከእንቅልፉ ለይቶ ማውጣት አስቸጋሪ ስለሆነ ከቤተ ሙከራው ውጤት ጋር እኩል ሊመዘኑ አይገባም።

ስሜት ከሁሉ ቀድሞ ይናጋል። ማቲው ዎከር የተሳተፈበት የ2007 ጥናት እንዳሳየው፣ 35 ሰዓት ያህል ሳይተኙ የቆዩ ሰዎች አስከፊ ሥዕል ሲያዩ ፍርሃትን የሚያነሣሣው አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል በ60 በመቶ ገደማ የበለጠ ተቆጥቷል፤ እሱን ከሚገታው ከፊተኛው የአንጎል ክፍል ጋር ያለውም ትስስር ላልቷል። ከዚህ በተቃራኒ፣ ከ1971 ጀምሮ በጀርመን ሐኪሞች ዘንድ በሥርዓት የተጠና አንድ እንግዳ ነገር አለ፦ ከባድ ድባቴ ካለባቸው ሕመምተኞች ግማሽ ያህሉ አንድ ሌሊት ሳይተኙ ሲያድሩ በማግስቱ ይሻላቸዋል። አብዛኞቹ ግን በሚቀጥለው ሌሊት ሲተኙ ሕመሙ ይመለስባቸዋል።

ምርምሩ ከደንብ ጋር በቀጥታ የተጋጨው በሆስፒታል ነው። በቦስተን ክሪስቶፈር ላንድሪጋንና ባልደረቦቹ በ2004 እንዳሳተሙት፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከ24 ሰዓት በላይ በሚዘልቅ ተረኝነት የሚሠሩ ጀማሪ ሐኪሞች ተረኝነታቸው ካጠረላቸው ይልቅ 36 በመቶ የበለጠ ከባድ ስሕተት ፈጽመዋል። የአሜሪካ የሐኪሞች ሥልጠና ተቆጣጣሪ አካል በ2011 የአንደኛ ዓመት ሠልጣኞችን ተረኝነት በ16 ሰዓት ገደበ። ይሁንና ተረኝነቱ ሲያጥር ሕመምተኛው ከሐኪም ወደ ሐኪም የሚተላለፍበት ጊዜ ስለሚበዛና በርክክቡ መረጃ ስለሚጠፋ፣ ሁለቱን አሠራር ያነጻጸሩ ሰፋፊ ጥናቶችም በሕመምተኞች ሞት ላይ ጎላ ያለ ልዩነት ስላላገኙ፣ ገደቡ በ2017 ተነሥቶ እንደገና 24 ሰዓት ተፈቅዷል።