«ትናንት እኮ ደህና ስታወራ ነበር» እና ሌሎች ስለ መንተባተብ የሚባሉ ነገሮች

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እንተባተባለሁ። ስለ መንተባተብ የማይባል ነገር የለም። አብዛኛው ከክፋት የሚመጣ አይደለም፤ ግን ስህተት ነው። ከሁሉም የሚያስቸግረኝ የርዕሱ ነገር ስለሆነ እሱ ላይ ቆየት እላለሁ፣ ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ እንጨርሳቸው።

«ደንግጦ ነው»

መንዝ ሂዱ፣ ምንጃር ውረዱ፣ የሚንተባተብ ልጅ ያላት እናት የምትነግራችሁ ያው ነው። ውሻ አስደንግጦት፣ ከአህያ ላይ ወድቆ፣ የሰው ዓይን በልቶት።

መንተባተብ በአብዛኛው የሚጀምረው በ2 እና በ5 ዓመት መካከል፣ ልጁ ቃላት እየቀጣጠለ ማውራት ሲጀምር ነው። በዚያ ዕድሜ የማይወድቅና የማይደነግጥ ልጅ ከየት ይመጣል? አንዳንዱ ላይ ደግሞ በቀናት ውስጥ ድንገት ስለሚጀምር፣ ቤተሰቡ የዚያን ሳምንት ነገር ሁሉ አገላብጦ ጥፋተኛ ያገኛል። ብዙ ጊዜ ውሻው ነው። ዋናው ነገር ግን አንጎል የንግግርን እንቅስቃሴና ጊዜ የሚያቀናጅበት መንገድ ነው፤ ዝንባሌው በዘርም ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 ተመራማሪዎች ከመንተባተብ ጋር የተያያዙ የጂን ለውጦች አግኝተዋል። አዋቂ ሰው በድንገት መንተባተብ ከጀመረ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስትሮክ ወይም የጭንቅላት ጉዳት ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

«ትናንት እኮ ደህና ስታወራ ነበር»

ይቺን ሳይሰማ ያደገ የሚንተባተብ ሰው ያለ አይመስለኝም። አንድ ቀን ከቻልክ ሁሌም ትችላለህ፣ ዛሬ ምላስህ የተያዘው ስላልሞከርክ ነው ማለት ነው። መንተባተብ ግን ጠባዩ ራሱ መምጣትና መሄድ ነው። ጥሩ ሳምንት አለ፣ ክፉ ሳምንት አለ፣ ምክንያቱን ብትፈልገው የማታገኘው።

አንዳንዱ ግን ሥርዓት አለው። የሚንተባተብ ዲያቆን ቅዳሴ ላይ ምንም ሳይይዘው ያዜማል፤ ከቅጽረ ግቢው ሲወጣ አንዲት እናት «እንደምን አደርክ ልጄ?» ሲሉት «እግዚአብሔር ይመስገን» ለማለት ይታገላል። ሰው ይሄን አይቶ ወይ ተአምር ነው ይላል ወይ ማስመሰል። ሁለቱም አይደለም። በዜማ የእያንዳንዱ ድምፅ ርዝመትና አወራረድ ቀድሞ የተወሰነ ነው፣ ቃሉም የታወቀ ነው። ከሌላ ሰው ጋር አብሮ ማንበብም እንደዚያው ያቀላል። ክፍል ውስጥ ከሁሉም ጋር ሲያነብ የማይያዝ ልጅ፣ ብቻውን ተነሥቶ አንብብ ሲባል ይያዛል። በሹክሹክታ ማውራት፣ ብቻን ማውራት፣ ጥጃ ወይም ሕፃን ማናገር ሁሉ ይቀልላል። ያንኑ ገጽ ደጋግሞ ማንበብም መያዙን ይቀንሰዋል፣ ስለዚህ ማታ ቤቱ አጥርቶ ያነበበው ልጅ በማግስቱ አስተማሪው ፊት ቢያዝ «አጥንቻለሁ» ያለው ውሸት አይደለም።

የሚያባብሰውም ይታወቃል፦ ስልክ፣ ጥድፊያ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ አለቃ፣ ከኋላ የሚጠብቅ ሰልፍ። ከሁሉም የከፋው የገዛ ስም ነው። ሌላ ቃል ከያዘኝ በሌላ እተካዋለሁ፣ ስሜን በምን ልተካው? አንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ «ስምህን ረሳኸው እንዴ?» ተብሎ ተስቆብኛል።

እና ይሄ መተካት ነው ጉዱ። ማኪያቶ አምሮኝ፣ «መ» ላይ እንደሚይዘኝ ስለገባኝ ሻይ ካዘዝኩ፣ ለአስተናጋጇ አንደበተ ርቱዕ ነኝ። ጠባሴ መውረድ ፈልጌ፣ «ወራጅ አለ» የሚል ሌላ ሰው እስኪገኝ ዝም ብዬ ካለፍኩ፣ ረዳቱ እንደምንተባተብ በምን ያውቃል? ሰው «ዛሬ እኮ በጣም ተሽሎሃል!» የሚለኝ ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለው ቀን ነው። እየተያዝኩ የዋልኩበት ቀን ግን ያሰብኩትን ሁሉ ሳላስቀር የተናገርኩበት ይሆናል፣ እና ለእኔ የተሻለው ቀን እሱ ነው።

ዘዴዎችም አሉ፤ በጣት ጭን መምታት፣ «እንግዲህ» እያሉ መጀመር። አዲስ ሲሆኑ ይሠራሉ። ከዚያ ኃይላቸው ያልቃል፣ ልማዱ ግን አብሮህ ይቀራል፤ አሁን እየተንተባተብክ ጭንህንም ትመታለህ።

«ጸበል ተሽሎት ነበር፣ እምነቱ ሲጎድል ተመለሰበት»

ጻድቃኔ ማርያምም ሸንኮራ ዮሐንስም የሚሄድ ሰው ይሂድ፣ እኔም እሄዳለሁ። ጠቤ ከጸበሉ ጋር አይደለም። ግን መንተባተብ የትም ሳይሄዱ እንኳ ለሳምንታት ጋብ ብሎ የሚመለስ ነገር ሆኖ ሳለ፣ ሲመለስ ልጁን እምነት የለህም ብሎ መክሰስ ግፍ ነው። ሙሴም አፌ ኮልታፋ ነው ብሎ ነበር። እምነት የለውም ሲሉት ግን ሰምቼ አላውቅም።

«ይጋባል»፣ «አእምሮው ደከም ያለ ነው»

አይጋባም። ከማሰብ ችሎታ ጋርም አይገናኝም፤ የምንለውን እናውቃለን፣ ችግሩ ማውጣቱ ላይ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1939 ጦርነት ሲታወጅ ለሕዝባቸው በሬዲዮ የተናገሩት እየተንተባተቡ የኖሩ ሰው ሆነው ነው።

«ሲያድግ ይተወዋል»

ግማሹ እውነት ነው። ከልጆች 5 በመቶ ያህሉ በሆነ ጊዜ ይንተባተባሉ፣ ከእነዚህ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ይተዉታል፣ ከአዋቂዎች 1 በመቶ ገደማ ላይ ይቀራል። ሴቶች ልጆች ይበልጥ ስለሚተዉት፣ አዋቂዎች ላይ ወንዶቹ አራት እጥፍ ያህል ናቸው። ዓመት ካለፈው፣ በቤተሰብ ውስጥ ካለ፣ ወይም ልጁ ለመናገር ፊቱን እያኮማተረ ከታገለ፣ ያድጋል ብላችሁ አትጠብቁ። የንግግር ሕክምና ባለሙያ እኛ ጋ እንደልብ አይገኝም፣ አዲስ አበባ ስትሄዱ ጠይቁ።

«ቀስ በል፣ ተንፍስ፣ እንደገና በለው»

በፍቅር የሚሰጥ ምክር ነው፤ ግን ልጁ አፉን ሲከፍት ስህተቱን እንዲቆጥር ያስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1939 አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ፣ ወላጅ አልባ ልጆችን «ትንተባተባላችሁ» እያሉ ማረም ምን እንደሚያመጣ ለማየት ክፉ ሙከራ ተደርጎ ነበር፤ ሙከራው የተደረገበት የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2001 ይቅርታ ጠይቆበታል። ልጆቹ ተንተባታቢ አልሆኑም። ማውራት ፈሩ እንጂ። ስለዚህ ልጁን ቀስ በል ከማለት እናንተ ቀስ ብላችሁ አውሩት። ቃሉን አትጨርሱለት፣ ዓይናችሁን አታሽሹ፣ ጠብቁት።

እኔ አዲስ ሰው ሳገኝ ቀድሜ «እንተባተባለሁ፣ ትንሽ ጠብቁኝ» እላለሁ። ብዙ ጊዜ ይሄን ካልኩ በኋላ መያዙ ይቀንሳል። አንዳንዴ ደግሞ «እንተባተባለሁ» የምትለዋ ላይ ራሷ እያዛለሁ፣ ያኔ ማብራሪያውም አያስፈልግም።