ካርቶን ውስጥ የቀረው ማኅበር፦ ስለ ድሮ ፎቶግራፎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ፎቶግራፍ ራሱ ይናገራል።» ከሁሉም የሚያናድደኝ ይህ ነው። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ማኅበር አባላቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመርቀው የሚበተኑበት፣ ሥራ አስፈጻሚው ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥበት ስብስብ ነው። ዛሬ ሁሉም በስሙ የሚጠራው ሊቀ መንበር ከዓመታት በኋላ «ከግራ ሦስተኛው፣ ባለ መነጽሩ» ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሰዎቹ ሳይበተኑ ስማቸው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዝግጅቱ፣ ከቦታውና ከቀኑ ጋር ይመዝገብ። በፎቶው ውስጥ የማይታየው አንሺም አይረሳ። የታተመ ፎቶ ከሆነ ጽሑፉ በጀርባው ጠርዝ ላይ፣ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳይጫኑ ይጻፋል። እስክሪብቶ ወረቀቱን ይሰረጉዳል፤ ቀለሙም ወደተደረበው ፎቶ ሊያልፍ ይችላል።

«ቀኑማ ታትሞበታል» የሚሉም አሉ። በስላይድ (በብርሃን ግድግዳ ላይ በሚታይ ትንሽ የፊልም ምስል) ክፈፍ ላይ የሚታተመው ቀን ብዙውን ጊዜ ፊልሙ የታጠበበት እንጂ ፎቶው የተነሳበት አይደለም። የዲጂታል ካሜራ ሰዓትም ካልተስተካከለ ያለ ኀፍረት ይዋሻል።

«ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ፎቶ አይደበዝዝም።» የባለ ቀለም ፎቶግራፍ ማቅለሚያዎች በጨለማም ይፈዝዛሉ፤ ሙቀትና እርጥበት ሲጨመርባቸው ደግሞ ይብሳሉ። በደንብ የታጠበ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ግን ከእነርሱ ይልቅ ዕድሜ አለው። ኮምጣጤ የሚሸት ፊልም ካጋጠመ ፊልሙ የተሠራበት ፕላስቲክ፣ አሴቴቱ፣ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። የተጀመረው መበስበስ አይቀለበስም፤ ቅዝቃዜ ግን ያዘገየዋል። ከፊልሙ የሚወጣው ጋዝ ጎረቤቱንም ስለሚያበላሽ ለብቻው ይቀመጥ።

«ስካን ስለተደረገ ዋናው ይጣል።» አይጣልም። የተሻለ ስካነር ነገ ይመጣል፤ የጀርባው ጽሑፍም አብዛኛውን ጊዜ ስካን ሳይደረግ ይታለፋል።

«ካሜራው የማኅበሩ ስለሆነ መብቱም የማኅበሩ ነው።» በብዙ አገሮች ሌላ ውል ከሌለ የቅጂ መብቱ መጀመሪያ የአንሺው ነው፤ የካሜራው ባለቤትነት ይህን አይለውጠውም። የቅጂ መብትን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የበርን ስምምነት ለፎቶግራፍ ያስቀመጠው ዝቅተኛ የጥበቃ ዘመን ፎቶው ከተሠራ ጀምሮ 25 ዓመት ሲሆን፣ ብዙ አገሮች ከዚያ በላይ ይሰጣሉ። አንሺው ሳይመረቅ የጽሑፍ ፈቃዱን መቀበል ኋላ ከሚመጣ ፍለጋ ያድናል።

«ፎቶዎቹ የማኅበሩን ሥራ ያሳያሉ።» የሚያሳዩት ካሜራ የወጣባቸውን ቀኖች ነው። ካሜራ የሚወጣው ለአቀባበል ምሽት፣ ለሽርሽር፣ ለጥናት ጉባኤና ለምረቃ ነው። ስለ ጥናት ድጎማ ወይም ስለ መኖሪያ ቤት ኪራይ እስከ እኩለ ሌሊት የተከራከሩ ስድስት ሰዎችን ማን ፎቶ ያነሣል? ቃለ ጉባኤውና ለዩኒቨርሲቲው የተጻፉት አቤቱታዎች ከፎቶዎቹ ጎን ካልተቀመጡ፣ ካርቶኑን ወደፊት የሚከፍት ሰው ማኅበሩ ኬክ ሲቆርስ የኖረ ይመስለዋል።