«ስሙን ቄስ ይጥራው»፦ ደብተራስ የት ሄደ?

ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠ ወጣት ለጓደኛው የድሮ ትምህርት ቤቱን ወሬ ያወራል። «ሰይጣን አለበት ይባላል። ሰይጣኑ ማታ ማታ ወንበር ይጎትታል። አንድ መምህር ሰይጣኑን አይቶ ታሟል አሉ» ካለ በኋላ ትንሽ አሰብ አደረገና «ስሙን ቄስ ይጥራው» ብሎ ጨመረበት። ሦስቴ ከጠራው በኋላ ለቄሱ ምን ተረፋቸው? ዞር ብዬ ልናገረው ምንም አልቀረኝም ነበር። «ወራጅ አለ» ብዬ ወረድኩ።

ትርጉሙን የማያውቅ ስለሌለ ልዝለለው። እኔን የሚደንቀኝ ከጀርባው ያለው ሥርዓት ነው።

ያደግኩት ሰሜን ሸዋ ገጠር ነው። የኛም ትምህርት ቤት የራሱ ወሬ ነበረው። ደወላችን ከዛፍ ላይ በሽቦ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር። በብረት ሲመታ ወንዝ ማዶ ድረስ ይሰማል። ታዲያ ይህ ቸርኬ ሌሊት ሌሊት ማንም ሳይነካው ይደወላል ይባላል። ግቢው የድሮ መቃብር ነበር የሚሉም አሉ። አሁን ብትጠይቁኝ ነፋስ ነው እላችኋለሁ፤ የኛ አገር ነፋስ እንኳን ቸርኬ ቆርቆሮም ይነቅላል። ያኔ ግን ዘበኛውን እንጠይቃለን።

«አባባ፣ ማነው ሌሊት የሚደውለው?»

«እሱ ነዋ!»

«እሱ ማን?»

«ስሙን ቄስ ይጥራው!» ይሉና ጋቢያቸውን አፋቸው ድረስ ይሸፍናሉ።

አንድም ቀን ስሙ ከአፋቸው ሲወጣ አልሰማንም። ወሬውን የሚያስፈራው ደግሞ ይኸው ነበር። ስም ቢሰጡት ኖሮ ስቀንበት እንሄድ ነበር።

ቤትም ያው ነው። ከመሸ አይፏጭም፣ ይጠራል። አመድ በጨለማ አይደፋም። የፈላ ውሃ ሲደፋ «በስመ አብ» ይባላል፤ እዚያ የተቀመጠ ካለ ይነሳ ዘንድ። ቀትር ላይ ለብቻ ወንዝ መውረድ ክልክል ነው። ለዚህስ ዳዊትም ምስክር ነው፤ «የቀትር ጋኔን» የሚለውን በ90ኛው መዝሙር ታገኙታላችሁ። ከሁሉም የማይረሳኝ የአያቴ ጣት ነው። ሌሊት ከውጭ ሰው ሲጣራ ቶሎ «አቤት» አትልም። አንዱን ጣቷን ታነሳለች፤ ዝም። ሲደገም ሁለተኛውን ታነሳለች፤ አሁንም ዝም። ሦስተኛው ሲመጣ ነው «አቤት፣ ማነው?» የምትለው። እሱ ሦስተኛውን አይደግምም ባይ ናት። እንግዳ በር ላይ ብርዱ ሲገርፈው ያመሽ ነበር፤ የሚቀየም ግን አልነበረም። እሱም ቤቱ ሲሆን እንደዚያው ነዋ የሚያደርገው።

ይህ ሁሉ የስም ነገር ነው። ስም እንደ ጀበና እጀታ ነው፤ የያዘው ያነሳዋል። ለዚህ ነው የክርስትና ስማችንን ለማንም የማንናገረው፤ መተተኛ እጅ እንዳይገባ። እኛ የራሳችንን ስም ከነሱ እንሸሽጋለን፣ የነሱንም ከአፋችን እናርቃለን። የሁለቱም ሕግ አንድ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ለምን ቄስ?

ብዙ ሰው «ቄስ ስለሚያስወጣው ነው» ይላል። ያሳምናል። ጠበል ቦታ የቆመ ሰው «ማነህ? ስምህን ተናገር!» ሲባል ሰምቷል። ማርቆስ 5፥9 ላይም ጌታ «ስምህ ማን ነው?» ብሎ ነው የጠየቀው፤ «ሌጌዎን» አለ። ግን ነገሩ የማስወጣት ብቻ ከሆነ ደብተራስ የት ሄደ? በገጠር የመናፍስቱን ስም ዝርዝር አንድ በአንድ የሚያውቀው ደብተራ ነው። ክታብ የሚጽፈው እሱ ነው። ሕፃናት ገዳይዋን ወርዝልያን ቅዱስ ሱስንዮስ እንዴት እንደገደላት በብራና ጽፎ ለወላድ አንገት የሚያስረውም እሱ ነው። በሙያ ቢሆን ኖሮ አባባሉ «ስሙን ደብተራ ይጥራው» ይሆን ነበር። ቄስ ማለት በጥቅሉ ካህን ማለት ነው የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ይሁን። ገጠር ያደገ ሰው ግን ቄስና ደብተራን አያምታታም።

የኔ ግምት ከክርስትና ቤት ነው የመጣው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ይጠመቃሉ። ሕፃን መናገር ስለማይችል ክርስትና አባቱ ወይም ክርስትና እናቱ ስለ እሱ ይናገራሉ። ፊት ወደ ምዕራብ ይዞራል። ቄሱ ይላሉ፣ ያ ሰው ይከተላል፦ «እክህደከ ሰይጣን»፣ እክድሃለሁ ሰይጣን። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሮ እምነት ይመሰከራል። እስቲ አስቡት፣ ዓመቱን ሙሉ ያ ስም ሲነሳ አፉን የሚሸፍን ገበሬ፣ እዚህ ቆሞ ስሙ በሙሉ ድምፅ ሲጠራ ይሰማል። «በስመ አብ» ብሎ የሚደነግጥ የለም። የሚጠሩት ቄስ ናቸው፤ የሚጠሩትም ሊክዱት ነው። ከዚያ በር ወጥቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ «ስሙን እሳቸው ይጥሩት» ቢል ምን ይደንቃል? ማስረጃ አምጣ ካላችሁኝ የማመጣው የአያቴን ጣት ነው። ቢሆንም ከዚህ ግምቴ ንቅንቅ አልልም።

ዛሬ አባባሉ ሁለት ቦታ ተበላሽቷል። አንደኛው በሽታ ላይ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ሲነሳ ዛሬም «ያ፣ ስሙን ቄስ ይጥራው» የሚል አለ። እዚህ ላይ እንኳ ሐኪም ይጥራው። መድኃኒት አለው፤ ስሙ እየተሸሸገ ግን ልጁም አብሮ ጓዳ ይሸሸጋል።

ሁለተኛው እንደ ታክሲው ልጅ ነው፤ መጀመሪያ ጠርቶ በኋላ ቄስ መላክ። አባባሉ የሚገባው በስሙ ቦታ ነው፣ ከስሙ ኋላ አይደለም። ጭራሽ አሁን አሁን ለአለቃ፣ ለድሮ ፍቅረኛ፣ ለቤት አከራይ ሁሉ ሲባል እሰማለሁ። ኧረ ባካችሁ! አከራይ ስም አለው። ውሉ ላይ ከነአያቱ ተጽፏል።